ቀሚሱን የሚይዘው ብረቱ አይደለም፦ ስለ ኮርሴት ብረት ለአንዲት ልብስ ሰፊ የተሰጠ መልስ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሰርግ ልብስ እሰፋለሁ። ባለፈው ጥር ትከሻ የሌለው የሀበሻ ቀሚስ ሠርቼ ነበር፤ ከላይ በዘንግ ተወጥሮ ገላ ላይ ልክክ የሚል ኮርሴት ነው። ከገበያ የገዛሁትን የፕላስቲክ ዘንግ አስገባሁበት። ሙሽራዋ የአባቷን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል ፕላስቲኩ ወገቧ ላይ ታጠፈና ተሰበረ። አንዱ ደግሞ ከጨርቁ ወጥቶ ብብቷን ወጋት። ቀኑን ሙሉ ቀሚሱን ወደ ላይ ስትጎትት ዋለች። አሁን ለዳግም ትንሣኤ ሌላ ሥራ ይዣለሁ። ብረት ልግዛ? የሚጣመምና የማይጣመም አለ ይሉኛል፤ የትኛው የት ይገባል? ደንበኛዬ ብረት ስላት ፈራች። ቀሚሱን በኋላ ላከራየውም አስቤያለሁ።»

ብረት ግዢ። ግን ከዚያ በፊት አንድ ነገር እናጥራ። የጻፍሽልኝ ሦስት ችግር ነው፦ ተሰበረ፣ ወጋ፣ ወረደ። ሦስቱንም ያሳበብሽው በፕላስቲኩ ነው። እሱ በእርግጥ የሚጠየቅበት አንዱ ብቻ ነው። ሁለቱ ብረት ብታስገቢም አይለቁሽም። እንዲያውም ብረት ሲወጋ ከፕላስቲክ ይብሳል።

ከመውረዱ ልጀምር። ሙሽራን ቀኑን ሙሉ የሚያሳቅቃት እሱ ነው፤ ፎቶው ሁሉ እጇ ደረቷ ላይ ሆኖ ይወጣል።

ትከሻ የሌለው ቀሚስ የሚንጠለጠልበት ነገር የለውም። ታዲያ ብዙ ሰፊ መፍትሔው ደረት ላይ ማጥበቅ ይመስለዋል። ደረት ላይ ባጠበቅሽው ቁጥር ሥጋው ከላይ ይገነፍላል፤ ጨርቁም ወደ ቀጭኑ ቦታ ይንሸራተታል። ቀሚሱ የሚቆመው ወገብ ላይ ነው። ወገብ ከላዩ ካለው ጎድንም፣ ከታቹ ካለው ዳሌም ይጠባል። እዚያ ላይ ልክክ ብሎ የተያዘ ልብስ ዳሌን አልፎ አይወርድም። የብረቱ ሥራ ከወገብ እስከ ደረት ያለውን ጨርቅ መወጠር፣ እንዳይሸበሸብና እላዩ ላይ እንዳይታጠፍ ማድረግ ነው። በቤት ግንባታ ብናስበው ወገቡ ምሰሶ፣ ብረቱ ማገር ነው። ምሰሶ የሌለውን ቤት ማገር አያቆመውም።

ስለዚህ መጀመሪያ ከውስጥ የወገብ ቀበቶ አድርጊለት። 2 ወይም 2.5 ሳንቲ ስፋት ያለው፣ ወፈር ያለ፣ የማይለጠጥ ሪባን ይበቃል። ከቀሚሱ ወገብ አንድ ሳንቲ ያህል አሳጥሪው። በየስፌቱ ላይ በእጅ ጠቀም ጠቀም አድርጊው እንጂ ዙሪያውን በመኪና አትስፊው። ከኋላ፣ ከመዝጊያው ግራና ቀኝ፣ አራት አምስት ሳንቲ ልቅ ይሁንና በመንጠቆ ይዘጋ። ስትለብስ መጀመሪያ መንጠቆው፣ ከዚያ ዚፑ ወይም ገመዱ። ያ ሁሉ ሽንሽንና ጥለት የሚመዝነው እዚህ ሪባን ላይ ነው። ይህን ብቻ ብታደርጊ እንኳ፣ በዚያው በፕላስቲኩም ቢሆን፣ ሙሽራዋ እጇን ከደረቷ ታነሳለች።

አሁን ወደ መውጋቱ። ዘንግ ከጨርቅ የሚወጣው ወይ ረዝሞ ነው፣ ወይ ጫፉ ስለት ኖሮት፣ ወይ የገባበት ጨርቅ አቅም አጥቶ። ያንቺን ሳላየው መፍረድ ይከብዳል፤ ግን ፈትሉ ላይ በቀጥታ ሰፍተሽው ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ። በእጅ የተሸመነ ፈትል ድሩና ማጉ በቀላሉ ይከፋፈላል። ልስላሴው ውበቱ ነው፤ ዘንግ የሚይዝ ጨርቅ ግን አይደለም። መነንም ቢሆን ያው ነው። ጨርቁ ሳይቀደድ እንኳ ጫፉ በክሮቹ መካከል ሾልኮ ይወጣል።

የሀበሻ ቀሚስ ኮርሴት ሲኖረው ሁለት ልብስ ነው ብለሽ አስቢው። ውስጠኛው ይሠራል፣ ላይኛው ይታያል። ውስጠኛውን ከማይለጠጥ ጠንካራ ጥጥ ቁረጪ። ውጭ አገር ያሉ ኮርሴት ሰፊዎች ለዚሁ ተብሎ ጥቅጥቅ ተደርጎ የሚሸመን ኩቲል የሚባል ጨርቅ አላቸው። እኛ ጋ ሳሳ ያለ ጂንስ፣ ካኪ ወይም ድርብ አቡጀዲ ይተካዋል። ጂንሱን ጎትተሽ እይው፤ አሁን አሁን የሚመጣው ብዙው ላስቲክ አለበት። አቡጀዲውን ከመቁረጥሽ በፊት አጥበሽ ተኩሺው፤ አለበለዚያ በኋላ ሲታጠብ ይሰበሰብና ኮርሴቱ ያጥራል። የብረቱን ማስገቢያ በዚህ ጨርቅ ላይ ሥሪ። ፈትሉን ከላይ አልብሺው። ፈትሉ ብረት መኖሩን ጨርሶ አይወቅ።

የማስገቢያው ልክም አለው። 6 ሚሊ ስፋት ላለው ብረት ከስፌት እስከ ስፌት 8 ሚሊ ገደማ ይሁን። ከዚያ ከሰፋ ብረቱ ውስጥ ለውስጥ ይገላበጣል። ከጠበበ ደግሞ ጨርቁን ከሥር እየፋቀ ይበላዋል። ርዝመቱ ካለቀለት ማስገቢያ ከላይም ከታችም ግማሽ ግማሽ ሳንቲ ይጠር። በዚህች ክፍተት አትሰስቺ። ሰው ሲቀመጥ ሰውነቱ ያጥራል፤ ብረቱ አያጥርም።

መሰበሩ ግን የፕላስቲኩ ጥፋት ነው። ገበያ ላይ የሞላው ተራ ፕላስቲክ ሙቀት አይወድም። ገላ ላይ ሲውል ይሞቃል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ሙሽራዋ በተቀመጠችበት ቅርጽ ይቀራል። አንዴ ከታጠፈ እጥፋቱ አይለቅም። ደጋግሞ ሲታጠፍ በዚያው መስመር ይሰበራል። እኔ ያለሁት ባሕር ዳር ነው፤ እዚህ ሙቀት ላይ የባሰ ነው።

ፕላስቲክ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ሪጂሊን የሚባለው ከቀጫጭን የፖሊስተር ዘንጎች የተሸመነ ነው። መርፌ ስለሚበሳው በቀጥታ በመኪና ይሰፋል፤ ለልጅ ቀሚስና ቀለል ላለ ልብስ ጥሩ ነው። ጫፉ ስለሚበተን በላይተር አቅልጠሽ በቁራጭ ጨርቅ ሸፍኚው። ሌላው ጀርመን አገር የሚሠራው ሰው ሠራሽ የዓሣ ነባሪ አጥንት ነው። በመቀስ ይቆረጣል፣ አይዝግም፣ ከተራው ፕላስቲክ እጅግ ይሻላል። ካገኘሽው አትለፊው። ድሮ አውሮፓ ውስጥ ኮርሴት የሚወጠረው በእውነተኛው ነበር፤ ከዓሣ ነባሪ አፍ ውስጥ የሚወጣ ቀንድ መሰል ነገር ነው። እሱን ብረት ተካው። የሚጣመመው ብረት ደግሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስም አገኘ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1904 አሜሪካ፣ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ የተቋቋመው ስፓይሬላ የሚባል ኩባንያ ገበያውን የገነባው በተጠማዘዘ ሽቦ በሚወጠር ኮርሴት ነው።

የሚጣመመውን በእጅሽ ይዘሽ ብታዪው፣ ሁለት ሽቦ ተጠምዝዞ፣ የአንዱ ጥምዝ በሌላው ጥምዝ መካከል ገብቶ፣ ከዚያ ተጨፍልቆ ጠፍጣፋ የሆነ ነው። ውፍረቱ አንድ ሚሊ ተኩል ገደማ ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይታጠፋል። ወደ ግራና ወደ ቀኝም ይታጠፋል። ስትለቂው ቀጥ ይላል። የማይጣመም የሚሉሽ፣ እኔ ጠፍጣፋው የምለው ግን አንድ ወጥ የሞላ ብረት ነው፤ ብዙ ጊዜ እንዳይዝግ ነጭ ተቀብቶ ይመጣል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይለመጣል፤ ወደ ጎን ግን ንቅንቅ አይልም።

የትኛው የት ይገባል ላልሽው መልሱ ከዚህ ይወጣል። የቆረጥሽውን የውስጥ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ዘርጊና የስፌቱን መስመር እይ። ጡት ላይ ወጥቶ፣ ወገብ ላይ ገብቶ፣ ዳሌ ላይ እንደገና የሚወጣ ከሆነ የሚጣመመው ይገባል። ጠፍጣፋውን እዚያ ብትከቺው ስፌቱን ቀጥ አድርጎ ይጎትተዋል። ቀን ሙሉ የለፋሽበት ወገብ ይጠፋና ኮርሴቱ ቱቦ ይሆናል። መስመሩ ቀጥ ያለ ከሆነ ግን ጠፍጣፋው ይችላል።

ጠፍጣፋው የግድ የሚሆንበት ቦታ አንድ ነው፦ ከኋላ፣ የገመድ ቀዳዳው አጠገብ። በየጎኑ ሁለት ሁለት አድርጊ፤ አንዱ ከጠርዙ ጋ፣ አንዱ ከቀዳዳዎቹ ማዶ። ቀዳዳዎቹ በሁለቱ መካከል ይቀመጣሉ። እዚያ ላይ የሚጣመመውን ካደረግሽ ገመዱ ሲጎተት ወደ ጎን ይለመጣል፤ ጀርባው መሃል ላይ ይጠብና ላይና ታቹ ይከፈታል። በዚፕ ከሆነ የምትዘጊው ይህ ጭንቀት የለም።

ፊት ለፊት ላይ ከብዙዎች ጋር አልስማማም። መሃል ደረት ላይ ጠፍጣፋ ብረት ይደረግ ይላሉ፤ ሆዱን ደልደል አድርጎ ስለሚይዘው። ለፎቶ ቆማ ለምትውል ሴት እውነት ነው። የጎጃም ሙሽራ ግን ቆማ አትውልም። የአባት ጉልበት አለ፣ የእናት አለ፣ የአያት አለ፣ የክርስትና አባት አለ፤ ከጎኑ የተቀመጠውን ሽማግሌ ደግሞ መዝለል ነውር ነው። በእያንዳንዱ ጊዜ ከወገቧ ትታጠፋለች። ጠፍጣፋው በየጊዜው የታችኛው ጫፉ ሆዷን ይወጋል፤ የላይኛው ደረቷን ይገፋል። እኔ መሃል ላይ ሁለት የሚጣመሙ ጎን ለጎን አደርጋለሁ። ሆድ ትንሽ ይለሰልሳል፤ ይለስልስ።

ልኬቱንም ተቀምጣ ውሰጂው። ወንበር ላይ አስቀምጫትና ከጡቷ ሥር እስከ ጭኗ መታጠፊያ ለኪ። የፊተኛው ብረት ከዚያ መታጠፊያ 3 ሳንቲ ያህል ከፍ ብሎ ይለቅ። ለሙከራ ስትመጣ በውስጠኛው ጨርቅ ብቻ፣ ፈትሉ ሳይለብስ፣ ጉልበት ልትስም እንደሆነ ጎንበስ ትበል። ከዚያ እስክስታ ትውረድ። አትሳቂ፤ ሥራው ይህ ነው። ትከሻዋ ሲንቀሳቀስ ብብት ሥር ያለው ጠርዝ ከነካካት እዚያ ያለውን ብረት አሳጥሪው። የኋላው ደግሞ ከትከሻዋ ጠፍጣፋ አጥንት ላይ እንዳይወጣ፤ ከሥሩ ይቁም። በጠቅላላ ለአንድ የሰርግ ኮርሴት ከ10 እስከ 14 ብረት ይበቃል። ወገብን አጥብቆ ለማቅጠን የሚሠራው ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ አንቺ እሱን አልጠየቅሽም።

መቁረጡ ሰው የሚፈራው ክፍል ነው። የልብስ መቀስሽን እንዳታስጠጊው፤ ጠንካራ የሽቦ መቁረጫ ፒንሳ ያዢ። የሚጣመመውን በሙሉ ስፋቱ በአንድ ጊዜ ለመቁረጥ አትታገዪ። በእርሳስ ምልክት አድርጊና ምልክቱ ላይ ያለውን ጥምዝ ከአንደኛው ጠርዝ ቁረጪ። ገልብጪና ከሌላው ጠርዝ ቁረጪ። ጠምዘዝ ስታደርጊው ሁለቱ ይላቀቃሉ። ቁራጩ ይፈናጠራልና በሌላ እጅሽ ከልዪበት፤ ልጅ አጠገብሽ አይኑር።

የተቆረጠው ጫፍ ላይ ሁለት የሽቦ አፍ ታያለሽ፤ ብብት የሚወጉት እነሱ ናቸው። ለዚህ ትንንሽ የብረት ቆብ አብሮ ይሸጣል። ቆቡን እስከ ጥጉ አስገቢው። መጀመሪያ በፒንሳ ከፊትና ከኋላ ጨፍልቂው፣ ቀጥሎ ከጎንና ከጎን። ጎትተሽ ካልወጣ ይዟል። ከዚያ አሮጌ ስቶኪንግ ላይ እየጎተትሽ አሳልፊው። ክር ከያዘ ገና ስለት አለው፤ በሞረድ አለስልሺው። ቆብ ካጣሽ የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ነጭ ቴፕ ብዙ ጊዜ አጥብቀሽ ጠቅልዪበትና ላዩ ላይ ጨርቅ አድርጊ። ለአንድ ሰርግ ይሆናል፤ ለሚከራይ ልብስ ግን አልመክርም። ጠፍጣፋው በቆርቆሮ መቀስ ይቆረጣል። ማዕዘኑን በሞረድ አክብቢው፣ የተላጠውን ጫፍ የጥፍር ቀለም ደርበሽ ቀቢው፣ በደንብ ይድረቅ።

የጃንጥላ ዘንግና የዕቃ ማሰሪያ ቆርቆሮ የሚያስገቡ አሉ። አልወደውም። የጃንጥላው ዘንግ አንዴ ሲታጠፍ አይመለስም፤ ቆርቆሮው ጠርዙ ምላጭ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚያስሩበት ሰፊው ኬብል ታይ ግን ለሙከራ ልብስ አይከፋም። ጭንቅላቱን ቆርጠሽ፣ ጫፉን አለስልሰሽ አስገቢው፤ እውነተኛው ብረት እስኪመጣ ልኩን ታውቂበታለሽ።

ግዢው ላይ፣ የሚጣመመው በሜትር ተጠቅልሎም ይሸጣል፣ ተቆርጦ ቆብ ገብቶለትም ይሸጣል። አንቺ ጥቅሉን ግዢ፤ የሙሽራ ቁመት አንድ አይደለም። አንድ ብረት ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ብትይው 12 ብረት ከ3 እስከ 3.6 ሜትር ይፈጃል። 10 ሜትር ጥቅል ለሁለት ቀሚስ ይበቃል፣ ይተርፋልም። 6 ሚሊውን ያዢ። ቆቡ በዚያው ስፋት መሆኑን አረጋግጪ፤ ለእያንዳንዱ ብረት ሁለት ቆብ ነው፣ የሚበላሸውን ጨምሪ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለሽ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም። ሰልባጅ ተራ ስትሄጂ ደግሞ አሮጌ ቬሎና የእራት ቀሚስ እየዳሰስሽ እዪ፤ አንዳንዱ ውስጥ ጥሩ ብረት አለ። ትንሽ ማግኔት ያዢ፤ ከያዘው ብረት ነው፣ ካልያዘው ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው። የዛገውን ግን በነጻም ቢሰጡሽ እምቢ በይ።

ዝገት ስል፣ ነጭ ልብስ ላይ ቡናማ መስመር ካየሽ ብረቱ ውሃ ወይም ላብ አግኝቷል ማለት ነው። ላብ ጨው ስላለው ይብሳል። ቀሚሱ ከሰርግ ሲመለስ ገልብጠሽ ጥላ ውስጥ አናፍሺው። ፌስታል ውስጥ አትዝጊው፤ በክረምት እርጥበቱን ይዞ ይቀራል። በአሮጌ አንሶላ ሸፍነሽ ስቀዪው። መስመሩ ከወጣ በኋላ ሎሚና ጨው አድርገሽ ፀሐይ ላይ ብታሰጪው ነጩ ጥጥ ላይ ይለቃል፤ ጥለቱ ቀለም ላይ ግን መጀመሪያ በተደበቀ ጥግ ሞክሪ።

የፈራችውን ደንበኛሽን በቃል አታሳምኛትም። አንድ ቁራጭ እጇ ላይ አስቀምጪላት። ታጥፈው፣ ታዙረው፣ ክብደቱን ትየው። ብረት ስትያት የመጣባት የቤት መስኮት ብረት ነው። ሰው የሚያመው ጥበቱ እንጂ ብረቱ አይደለም። ለሰርግ ቀን ከተፈጥሮ ወገቧ ከ5 ሳንቲ በላይ አታጥብቂ፤ ለብዙዋ ሴት ከዚያም ያነሰ ይበቃል። ጥልቅ ትንፋሽ መውሰድ አለባት። ቁጭ ብላ መብላት አለባት፤ ሙሽራ ሳትበላ ከዋለች ደግሞ አማቾች የሚሉትን ታውቂያለሽ። ያረገዘች ከሆነች ኮርሴቱን ጨርሶ ተዪው፤ ከጡት በታች የሚለቀቅ ሌላ ቀሚስ ሥሪላት። ይህን ለብቻዋ ጠይቂያት፤ እናቷ ፊት አትነግርሽም።

ለኪራይ ካሰብሽው አሁኑኑ አሠራሩን ቀይሪ። ዚፕ አንድ ገላ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ከኋላ በገመድ ይዘጋ። ጎኖቹ ሲቀራረቡ 6 ወይም 7 ሳንቲ ክፍተት እንዲቀር አድርጊና ከሥሩ በዚያው ጨርቅ ሰፊ መሸፈኛ አስገቢ። ያኔ ቀጠን ላለችውም ደልደል ላለችውም ይሆናል። የወገቡ ሪባን ላይ መንጠቆ መያዣውን ሦስት አራት ቦታ ስፊ። የማስገቢያዎቹን የላይኛ አፍ በመኪና አትዝጊው፤ በእጅ ጠቅመሽ ተዪው። ሊታጠብ ሲል ትፈቺና ብረቱን ታወጫለሽ፣ ለአጭሯ ሙሽራ አጭር ብረት ትቀይሪበታለሽ። ብረቶቹን ስታወጪ የየትኛው ስፌት እንደሆኑ ቁጥር ለጥፊባቸው፤ የግራና የቀኙ አንድ ቢመስሉም ርዝመታቸው ብዙ ጊዜ አንድ አይሆንም።